ቫሌታ በመጀመሪያው ቀን፦ ከእናት ጋር፣ በእሑድ፣ በፍልሰታ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እናቴ በጀርመን ቪዛ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራኝ ናት፤ 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ፍልሰታንም ትጾማለች። እሑድ ነሐሴ 3 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማልታ እንደርሳለን፤ አራት ሌሊት እናድራለን። ሆቴል የያዝኩት ከቫሌታ ፊት ለፊት፣ ስሊማ ነው። ለመጀመሪያው ቀን ያሰብኩት በጀልባ ወደ ቫሌታ ተሻግረን ካቴድራሉንና የሴንት ኤልሞን ምሽግ ማየት፣ ከሰዓት በኋላ ምዲና መሄድ፣ ጊዜ ከተረፈን ደግሞ ኮሚኖ ደሴት ባለው ሰማያዊ ባሕር መዋኘት ነው። ቫሌታ በሁለት ሰዓት ያልቃል ይሉኛል። እናቴ ግን ከሁሉ በላይ የምትፈልገው የቅዱስ ጳውሎስ መርከብ የተሰበረችበትን ቦታ ማየት ነው፤ እሱ ቫሌታ ውስጥ ነው አይደል? ቪዛዋ የአንድ ጊዜ መግቢያ መሆኑም ያሰጋኛል።»

ምላሽ፦ ይህ ዕቅድ የሚፈርሰው ገና ከመጀመሪያው ማለዳ ነው። የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል እሑድ ለጎብኚዎች ዝግ ነው። ካቴድራሉ ከዕቅዱ ሲወጣ የቀረውም አብሮ ይፈርሳል፤ ሴንት ኤልሞ ያለው በከተማዋ የታችኛው ጫፍ ነው፣ ምዲና ከደሴቲቱ መሐል ነው፣ ኮሚኖ ደግሞ ራሷን የቻለች ሌላ ደሴት ናት። ከዚህ በታች ሰዓት የምቆጥረው በሀገራችን አቆጣጠር ነው፤ ስልክዎ 16 ሲል እኔ 10 እላለሁ። ዓመቶቹ ግን የአውሮፓውያን ናቸው።

የእናትዎን ጉዳይ ላስቀድም። ጳውሎስ ቫሌታን አላያትም። በ60 ዓ.ም. ገደማ መርከቡ ስትሰበር ዛሬ ከተማዋ ያለችበት ስፍራ ሺበራስ የሚባል ባዶ የድንጋይ ኮረብታ ነበር። የቫሌታ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው ማርች 28 ቀን 1566 ነው፤ በመካከሉ 1500 ዓመት አለ። በሐዋርያት ሥራ 28 ላይ መላጥያ ተብላ የተጻፈችው ደሴት ማልታ መሆኗን ማልታውያን አጥብቀው ያምናሉ፤ መርከቧ ተሰበረች የሚሉትም በሰሜናዊው የባሕር ዳርቻ፣ በእርሱ ስም በሚጠራው ባሕረ ሰላጤ ነው። በባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ ባለችው ትንሽ ደሴት የሐዋርያው ሐውልት ቆሟል። ይህ የትውፊት ቦታ ነው፤ የታሪክ ሊቃውንት አሁንም ይከራከሩበታል። ለእናትዎ ሲያሳዩ ይህንኑ ይንገሯቸው፤ ትውፊትን በትውፊትነቱ ማክበር ለሚያውቅ ሰው የሚከብድ ነገር አይደለም።

በጳውሎስ ዘመን የነበረችው የሮማውያን ከተማ ዛሬ ምዲናና አጎራባቿ ራባት ባሉበት ቦታ ነበረች። ጳውሎስ በደሴቲቱ በቆየባቸው ሦስት ወራት አርፎበታል የሚባለው ዋሻ ራባት ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሥር ይገኛል። የምዲና ካቴድራል ደግሞ፣ በትውፊቱ መሠረት፣ ጳውሎስን የተቀበለው የደሴቲቱ አለቃ ቤት በነበረበት ላይ ነው የተሠራው። ስለዚህ የእናትዎ ጉዞ ልቡ ያለው ምዲናና ራባት ነው፤ ይህም ከረፋድ በኋላ ተጣድፈው የሚጨርሱት ሳይሆን ራሱን የቻለ አንድ ጠዋት ይፈልጋል። ማክሰኞን ይስጡት። ቫሌታ ውስጥ ያለው በመርከቧ መሰበር ስም የተሰየመው የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሐዋርያው የእጅ አንጓ አጥንት ነው የሚባል ቅዱስ ቅርስና ሮም ላይ አንገቱ ከተቆረጠበት ዓምድ የመጣ ነው የሚባል ቁራጭ ተቀምጦበታል። ይህ መታሰቢያ ነው እንጂ ቦታው አይደለም። ልዩነቱን እናትዎ ከመሄዳቸው በፊት ቢያውቁት እዚያ ደርሰው ቅር አይላቸውም።

«በሁለት ሰዓት ያልቃል» የሚሉት ሰዎች ካርታ አይተው የሚናገሩ ናቸው። የቫሌታ ርዝመት ከከተማዋ በር እስከ ሴንት ኤልሞ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስፋቷም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከአውሮፓ ኅብረት ዋና ከተሞች ሁሉ ትንሿ ናት። ካርታው የማይነግርዎ ግን ዳገቱን ነው። ከተማዋን እንደ አህያ ጀርባ ያስቧት፦ ሪፐብሊክ ጎዳና በአከርካሪው ላይ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ ሁሉ ወደ ባሕር የሚወርድ ጎን ነው። ይህም የሆነው በምክንያት ነው። በ1565 ኦቶማኖች የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶችን፣ ማለትም በዚያን ጊዜ ማልታን ይገዛ የነበረውን የካቶሊክ ወታደራዊ ማኅበር፣ ከሜይ ጀምረው ከበቡ። በኮረብታው ጫፍ ላይ ያለው የሴንት ኤልሞ ምሽግ አንድ ወር ያህል ተከላክሎ ጁን 23 ወደቀ፤ ወደብ ተሻግሮ ያሉት ምሽጎች ግን ጸኑ፣ ከበባውም ሴፕቴምበር 8 አበቃ። ዳግመኛ እንዳይከበቡ የባላባቶቹ አለቃ ዦን ደ ቫሌት በዚያው ኮረብታ ላይ አዲስ ከተማ ለመሥራት ወሰነ፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ፍራንቼስኮ ላፓሬሊ የተባለ መሐንዲሳቸውን ላኩለት። የላፓሬሊ ሐሳብ ኮረብታውን ጠርቦ ማስተካከልና በላዩ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች መዘርጋት ነበር። ኦቶማኖች ሳይታሰብ ይመለሳሉ የሚለው ፍርሃት ግን ጊዜ አልሰጠም፤ ጎዳናዎቹ እንደተሣሉት ቀጥ ብለው ተዘረጉ፣ ኮረብታው ግን ብዙ ሳይነካ ቀረ። ዛሬ እናትዎን የሚጠብቃቸው ደረጃ የዚያ ጥድፊያ ውጤት ነው።

የስሊማው ጀልባም የሚጎዳዎት በዚህ ነው። መሻገሩ አሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ደስ ይላል፣ ፎቶግራፉም ያምራል። የሚያወርድዎ ግን በማርሳምሼት ወደብ በኩል ከኮረብታው እግር ሥር ነው፤ ከዚያ እስከ ሪፐብሊክ ጎዳና ድረስ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ጉብኝቱ ሳይጀመር እዚያው ያልቅበታል። ወደ ቫሌታ ከላይ ይግቡ፦ በታክሲ እስከ ካስቲል አደባባይ፣ ወይም በአውቶቡስ እስከ ከተማዋ በር። የደሴቲቱ አውቶቡሶች አብዛኞቹ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከትሪቶኖች ፏፏቴ አጠገብ ይቆማሉ፤ ዋጋውም በአንድ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ዩሮ ነው። ጀልባውን ለመመለሻ ማድረግ ይቻላል የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን ለእናትዎ አልመክረውም። ቁልቁለት የታመመ ጉልበትን ከዳገት ይልቅ ነው የሚፈትነው።

ሆቴሉን ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚችሉ ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩት። በቫሌታ የላይኛው ክፍል፣ ወይም ከበሩ ውጭ ባለችው ሜዳማዋ ፍሎሪያና ይያዙ። በቫሌታ ብዙዎቹ ማረፊያዎች የጥንት መኖሪያ ቤቶች ናቸው፤ ውበታቸው ሌላ፣ ደረጃቸው ሌላ። ከመክፈልዎ በፊት ሊፍት እንዳለና እስከየትኛው ፎቅ እንደሚደርስ በጽሑፍ ይጠይቁ። በፎቶግራፉ ላይ የሚያምረው ጠመዝማዛ ደረጃ ማታ ደክሞ ለሚመለስ ሰው ጠላት ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱና ወደ ጾሙ። በዚህ ወቅት የማልታ ቀን ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፤ በዚያ ላይ የባሕር ወበቅ አለ፣ ከተማዋ የተሠራችበት ቢጫ የኖራ ድንጋይም ፀሐዩን መልሶ ይተፋዋል። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ እናትዎ ጎዳና ላይ መገኘት የለባቸውም። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ ማልታውያን ራሳቸው ቢቻላቸው በዚያ ሰዓት ከፀሐዩ ይሸሻሉ።

እዚህ ላይ እሑድ መድረሳችሁ ይጠቅማችኋል። በቅዳሜና በእሑድ የሚጾመው ከጥሉላት ነው እንጂ እስከ 9 ሰዓት ከእህል ውኃ መከልከል የለም። ስለዚህ የጉዞና የድካም ቀን በሆነው እሑድ እናትዎ ምሳቸውን በልተው፣ ውኃ ጠጥተው ማረፍ ይችላሉ። ከሰኞ ጀምሮ ግን እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ዕቅዱ በዚያ ልክ መሰፋት አለበት፦ ማለዳ ቀዝቃዛ ሕንፃ ውስጥ መጎብኘት፣ ቀትር እንቅልፍ፣ ከምግብ በኋላ መንገድ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ከፍራንክፈርት ሳትነሱ ይነጋገሩበት። ማልታ ደርሶ በፀሐይ መሐል የሚወሰን ነገር አይደለም።

የጾም ምግብ አያስቸግርም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ቢጊላ የሚሉት ባቄላ ተፈጭቶ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚቀርብ ነው፤ ፉል ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም። ቲማቲም የተቀባ ዳቦ በወይራ ዘይት በየቦታው አለ፤ ብዙ ጊዜ ቱና ዓሣ ስለሚጨመርበት ያለ ቱና ብለው ይዘዙ። በአተር የሚሠራው ፓስቲዚ ግን ያታልላል፤ ውስጡ ጾም ቢመስልም ሊጡ በእንስሳ ስብ ወይም በቅቤ ሊሠራ ስለሚችል ሳይጠይቁ አይስጧቸው። ቋንቋ አያስቸግርዎትም፤ እንግሊዝኛ ከማልታ ቋንቋ ጋር የሀገሪቱ የሥራ ቋንቋ ነው።

እንግዲህ እሑድ ምን ይደረግ? ከአውሮፕላን ማረፊያው ቀጥታ ወደ ሆቴል ይሂዱ። ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ እንደምትገቡ አስቀድመው ይጻፉላቸው፤ ትንሽ ጭማሪ ቢጠይቁም ይክፈሉ። በዚህ ጉዞ ላይ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ ዋጋ ያለው ይህ ነው። ምሳ፣ ከዚያ እንቅልፍ። እኩለ ቀን ላይ «አንድ ቦታ ብቻ አይተን እንምጣ» የሚለው ሐሳብ ይመጣብዎታል፤ አይስሙት።

ከ10 ሰዓት ተኩል ገደማ በታክሲ ካስቲል አደባባይ ይውረዱ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ የላይኛው ባራካ የአትክልት ስፍራ ነው። መግቢያው ነፃ ነው፣ ጥላና መቀመጫ አለ፣ መጸዳጃ ቤትም በቅርብ ይገኛል። ከታች የሚታየው ታላቁ ወደብ ነው፤ ተሻግሮ በስተግራ የቆመው ምሽግ ሴንት አንጄሎ፣ ከጀርባው ያለችው ከተማ ቢርጉ ናት። ከቫሌታ በፊት ባላባቶቹ የኖሩት እዚያ ነበር። የከበባውን ታሪክ ለእናትዎ የሚተርኩት እዚህ ነው፤ መጽሐፍ ከፍቶ ከማንበብ ይልቅ ምሽጉን በጣት እያሳዩ መናገር ይሻላል። ከአትክልቱ ሥር በየቀኑ በ6 ሰዓትና በ10 ሰዓት መድፍ ይተኮሳል። እሑድ የምትደርሱት ከ10 ሰዓት በኋላ ስለሆነ አያገኙትም፤ በሌላ ቀን በዚያ ሰዓት ከመጡ ግን ለእናትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። ሳይነገረው ድንገት የሚሰማው ሰው ክፉኛ ይደነግጣል።

ከባራካ ወደ ከተማዋ በር ተመልሰው ሪፐብሊክ ጎዳናን ይያዙ። በሩን ኢጣሊያዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት እንደገና የሠራው ነው፤ መዝጊያም ቅስትም የለውም፣ የተሰነጠቀ ግንብ ይመስላል። ማልታውያን ራሳቸው ገና አልተስማሙበትም፤ ለእኔ ግን ጥሩ ሥራ ነው። አጠገቡ ያሉት የተቆረጡ ዓምዶች በ1942 በቦምብ የፈረሰው የኦፔራ ቤት ናቸው። በማልታ ላይ የመጀመሪያውን ቦምብ የጣሉት ኢጣሊያውያን ነበሩ፤ ጁን 11 ቀን 1940፣ ሙሶሊኒ በብሪታንያና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀ ማግስት። ያው አዋጅ ነው ብሪታንያን ከአርበኞቻችን ጎን ያሰለፋት፤ የእናትዎ ወላጆች በዚያ ዘመን የኖሩ ከሆነ ከእናትዎ ጋር የሚያወሩት አያጡም።

ከበሩ እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ አደባባይ ያለው መንገድ ለጉልበት የሚመች ነው። አደባባዩ ግን ድንበራችሁ ይሁን። ከዚያ በኋላ ጎዳናው ወደ ሴንት ኤልሞ መውረድ ይጀምራል፤ መውረዱ ቀላል መስሎ ሰውን ያሳስታል፣ ከመጀመሪያው ቀን ተጓዦች ብዙዎቹ የሚደክሙት ይህን ቁልቁለት በደስታ ወርደው መመለሻውን ሳያስቡ በመቅረታቸው ነው። ሴንት ኤልሞን ይተዉት፤ ወይም እርስዎ ብቻዎን ሌላ ቀን ይሂዱ። እሑድ ሱቆች አብዛኞቹ ዝግ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ቀን ይህ ጥቅም ነው እንጂ ጉዳት አይደለም፣ ጎዳናው ሰፋ ብሎ ይጠብቃችኋል። ጫማ ለሁለታችሁም የጎማ ሶል ያለው ይሁን፤ የኖራ ድንጋዩ ለዘመናት ተረግጦ ስለለሰለሰ ደረቅ ሆኖም ያንሸራትታል። መኪና በግራ ስለሚነዳም መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። እንደ እኛ ሀገር የለመደ ዓይን እዚህ ይሳሳታል።

አመሻሹ ላይ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ከባራካ በሊፍት ወደ ወደቡ ይውረዱ። ሊፍቱ 58 ሜትር ነው፣ ዋጋውም አንድ ዩሮ ገደማ ነው፣ ያን ሁሉ ደረጃ ያስቀርልዎታል። ከሥሩ መኪና መንገዱን ሲሻገሩ ወደ ሦስቱ ከተሞች፣ ማለትም ወደ ቢርጉና ወደ ሁለት አጎራባቾቿ፣ የሚሄደው ጀልባ አለ። ቫሌታ በትክክል የምትታየው ከውኃው ላይ ነው፤ የግንቦቹ ከፍታ ምን ያህል እንደሆነ ከላይ ሆኖ አይገባም። ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ስለሆነ በቂ ብርሃን አላችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በነጋታው፣ ኦገስት 10፣ በቢርጉ የቅዱስ ላውረንስ ዓመታዊ በዓል ነው፤ እናንተ የምትሻገሩት በዋዜማው ነው። መብራት፣ የሙዚቃ ጓድ፣ ርችትና ጆሮ የሚያደነቁር ተኩስ ይኖራል። እናትዎ የበዓል ግርግር የሚወዱ ከሆነ ዕድላችሁ ነው፤ ካልሆነ ከጀልባው ሳትርቁ በሚቀጥለው ጉዞ ተመለሱ፣ በዚያው ሊፍት ወጥታችሁ ታክሲ ያዙ። የመጀመሪያው ቀን እዚህ ያበቃል። ከዚህ ላይ አንድም ነገር አይጨምሩ።

ካቴድራሉን ሰኞ ጠዋት፣ በር በሚከፈትበት 3 ሰዓት ላይ ይግቡ። ትኬቱን በኢንተርኔት አስቀድመው ይግዙ፤ 15 ዩሮ ገደማ ነው። ረፈድ ሲል ከትልልቅ መርከቦች የሚወርዱ ቡድኖች ይሞሉታል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ የእናትዎ ነጠላ ከበቂ በላይ ነው። ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ አያስገቡም፤ የእብነ በረዱን ወለል ይወጋል። ስለዚህ ወለል እናትዎን አስቀድመው ያዘጋጁ። ሙሉው ወለል ወደ 400 የሚጠጉ የባላባቶች መቃብር ነው፤ አጽምና የራስ ቅል በቀለማት እብነ በረድ ተሥሎበታል፤ ሰው ሁሉ በላዩ ነው የሚሄደው። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ማውለቅ ለለመዱ እናት በመቃብር ላይ ከነጫማ መራመድ ሊከብዳቸው ይችላል፤ በጎን በኩል መቀመጫ ስላለ ሲፈልጉ ይረፉ። ሕንፃውን የሠራው ጂሮላሞ ካሳር ነው፤ ውጭው እንደ ምሽግ ደረቅ ነው። በውስጥ የሚያፈዝዘው ጌጥ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የማቲያ ፕሬቲ ሥራ ነው። በጸሎት ክፍሉ ውስጥ ያለው የካራቫጆ ሥዕል፣ የዮሐንስ መጥምቅ አንገት መቆረጥ፣ በ1608 የተሣለ ነው፤ ሠዓሊው ስሙን የፈረመበት ብቸኛው ሥራው ሲሆን ፊርማውም ከመጥምቁ በፈሰሰው ደም ውስጥ ነው የተጻፈው። ሌላውን በሩጫ ቢያዩም በዚህ ሥዕል ፊት ተቀመጡ።

ከካቴድራሉ ብዙም ሳይርቅ የደማስቆ እመቤታችን የሚባል የግሪክ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ። በውስጡ ያለውን ጥንታዊ የእመቤታችንን ሥዕል ባላባቶቹ ቀድሞ ከኖሩባት ከሮድስ ደሴት ይዘውት ወጥተው በ1530 ወደ ማልታ ያመጡት ነው። በፍልሰታ ለሚጾሙ እናት ከወርቁ ሁሉ ይልቅ ይህ ሊቀርባቸው ይችላል። የሚከፈትበት ሰዓት ጥቂት ስለሆነ ዝግ ቢሆን አይግረማችሁ።

ኮሚኖን ከዝርዝርዎ ይሰርዙት። በዚህ ወቅት ጥላ የሌለበት፣ ሰው ከሰው የሚተፋፈግበት ቦታ ነው፤ ቀን ሙሉ ይበላል፤ ለእናትዎም የሚሆን ነገር የለበትም። ለራባቱ ዋሻ ግን ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ መኖሩን ያስታውሱ፤ ቀስ ብለው፣ እጀታውን ይዘው የሚችሉት ነው።

ስለ ቪዛው መስጋት አያስፈልግም። ማልታ ከ2007 ማብቂያ ጀምሮ የሼንገን አባል ናት፤ ከፍራንክፈርት ወደ ማልታ የሚደረግ በረራ ከቀጣናው መውጣት ስላልሆነ የአንድ ጊዜ መግቢያው አይቃጠልም። ሦስት ነገር ግን ያረጋግጡ፦ የቪዛው ቀን እስከ መመለሻችሁ የሚደርስ መሆኑን፣ በተለጣፊው ላይ ቪዛው ለተወሰነ ሀገር ብቻ የሚል ገደብ አለመኖሩን፣ በረራውም ከሼንገን ውጭ ባለ ከተማ፣ ለምሳሌ በለንደን ወይም በኢስታንቡል፣ የማያልፍ መሆኑን። እናትዎ ፓስፖርታቸውንና የጉዞ ኢንሹራንሳቸውን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ የድንበር ፍተሻ ባይኖርም አየር መንገዱም ሆቴሉም ይጠይቃሉ።